ከአሜሪካ ወደ እንግሊዝ ለሚዛወሩ ባልና ሚስት፦ ስለ ሥራና ስለ ዕረፍት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኔና ባለቤቴ የአሜሪካ ዜግነት ያለን ኢትዮጵያውያን ነን። ከሜሪላንድ ተነሥተን ብሪስቶል የገባነው እኔ በኤንኤችኤስ (በመንግሥቱ የጤና አገልግሎት) ሆስፒታል በነርስነት በመቀጠሬ ነው፤ ባለቤቴ የሶፍትዌር ባለሙያ ነው። ከዋሽንግተን አካባቢ፣ ከአትላንታና ከዳላስ የሚደውሉልን ወዳጅ ዘመዶች የሚጠይቁን ነገር ተመሳሳይ ስለሆነ መልሱን አንድ ቦታ ሰብስበነዋል። ሁሉም መጀመሪያ የሚያነሡት ደመወዝን ነው። የሁለቱን አገሮች ኑሮ በእውነት የሚለየው ግን ሰው በጊዜው ላይ ያለው መብት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ በዚያ ላይ ረዘም አድርጌ ጽፌያለሁ። ሰዓት የምጠቅሰው በአገራችን አቆጣጠር ነው፤ ዓመቱ ግን በፈረንጆች ነው።

ቪዛው በአንዳችን ስም ቢሆን ሁለታችንም መሥራት እንችላለን?

ትችላላችሁ። የሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ ወይም የጤና ባለሙያዎች ቪዛ ያገኘ ሰው የትዳር ጓደኛውን ይዞ ሲመጣ፣ ተከትሎ የሚመጣው በፈለገው አሠሪ ዘንድ መቀጠር ወይም የራሱን ሥራ መክፈት ይፈቀድለታል። የማይፈቀድለት በሙያ ደረጃ ስፖርተኛ መሆን ነው። ባለቤቴ ሥራ የፈለገው ከገባን በኋላ ነው፤ ለቃለ መጠይቅ የጠሩት ሁሉ ፈቃዱን በኢንተርኔት አረጋግጠው አልፈዋል።

ከጤናው ዘርፍ ውጭ ላሉት ግን በሩ ጠበብ ብሏል። ከ2025 ጁላይ ጀምሮ ለሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ የሚጠየቀው መነሻ ደመወዝ በአብዛኛው በዓመት 41,700 ፓውንድ ነው። በዚያ ላይ የጤና ክፍያ አለ፤ ለአንድ አዋቂ በዓመት 1,035 ፓውንድ ሲሆን የቪዛው ዘመን በሙሉ በቅድሚያ ይከፈላል። ባልና ሚስት ለሦስት ዓመት 6,210 ፓውንድ ያወጣሉ ማለት ነው። የጤና ባለሙያዎች ቪዛ የያዙና ቤተሰቦቻቸው ከዚህ ክፍያ ነፃ ናቸው። ደንቡ ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ፣ ከማመልከታችሁ በፊት የእንግሊዝን መንግሥት ድረ ገጽ ተመልከቱ፤ የዘመድ ወሬ፣ የእኔም ቢሆን፣ ለዚህ አይበቃም።

በአሜሪካ ነርስ ነበርኩ። እዚያም ወዲያው መሥራት እችላለሁ?

ወዲያው አይደለም። በነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ሁለት ፈተና አለ። የመጀመሪያው በኮምፒውተር የሚሰጥ ስለሆነ አሜሪካ ሆናችሁ ትወስዱታላችሁ። ሁለተኛው የተግባር ፈተና የሚሰጠው ብሪታንያ ውስጥ ብቻ ነው። ቀጣሪ ሆስፒታሎች ብዙ ጊዜ ለተግባሩ ፈተና ያሠለጥናሉ፤ ውል ስትፈራረሙ ይህን በጽሑፍ ጠይቁ። የመድኃኒት ስሞችም እንደ አዲስ ይጠናሉ። አሜሪካ ውስጥ አሲታሚኖፌን የምንለው እዚህ ፓራሲታሞል ነው።

ደመወዙ ለኑሮ ይበቃል?

ሁለታችሁም ከሠራችሁ ይበቃል። ሁለታችሁም ከሠራችሁ የምለው አውቄ ነው። በ2025/26 የኤንኤችኤስ አዲስ ነርስ መነሻ ደመወዝ በዓመት 31,049 ፓውንድ ነበር፤ በአሜሪካ ልምድ ያላት ነርስ ከምታገኘው ከግማሽ በታች ሊሆን ይችላል። ይህን ቁጥር በዶላር እያባዛችሁ አትኑሩ። ከደመወዝ ላይ የሚቀነስ የጤና መድን የለም፤ ሆስፒታል ተኝታችሁ ስትወጡ ቤታችሁ ድረስ የሚከተላችሁ ሒሳብም የለም። እንግሊዝ ውስጥ መድኃኒት ቤት ለአንድ መድኃኒት የምትከፍሉት 9.90 ፓውንድ ነው፤ መድኃኒቱ ርካሽም ሆነ ውድ ዋጋው ያው ነው።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፤ ደመወዝ የሚከፈለው በወር አንድ ጊዜ ነው። በየሁለት ሳምንቱ መቀበል የለመደ የአሜሪካ ቤተሰብ በመጀመሪያዎቹ ወራት በጀቱ ይዛነፋል። ቢያንስ የሁለት ወር ወጪ ይዛችሁ ግቡ።

የዓመት ፈቃድ ምን ያህል ነው? ከልባቸውስ ይሰጣሉ?

ሕጉ ለማንኛውም ሠራተኛ በዓመት 5.6 ሳምንት የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል፤ በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ሰው 28 ቀን ነው። አሠሪው በእንግሊዝ ያሉትን ስምንት የሕዝብ በዓላት ከዚህ ውስጥ ሊቆጥራቸው ይችላል። በኤንኤችኤስ ከዚህ የተሻለ ነው፤ አዲስ ተቀጣሪ 27 ቀን ከስምንቱ በዓላት ሌላ ያገኛል፤ አገልግሎት ሲረዝም ቀኑም ይጨምራል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በበኩሉ አሠሪን አንድም ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ እንዲሰጥ አያስገድድም።

ቁጥሩን ማወቅ ቀላል ነው። የሚከብደው ፈቃዱን መውሰድ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ሰው ፈቃድ ሲጠይቅ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ምክንያት ይደረድራል፤ እመለሳለሁ፣ ስልኬም ክፍት ነው እያለ ቃል ይገባል። እኛም ያንን ጠባይ ይዘን መጥተን ነበር። የኤንኤችኤስ የፈቃድ ዘመን ብዙውን ጊዜ ከኤፕሪል እስከ ማርች ነው፤ ለተረኛ ሠራተኛ ደግሞ ፈቃዱ የሚቆጠረው በሰዓት ነው። አንድ ፌብሩዋሪ ላይ የክፍላችን ኃላፊ የተረኞችን ሰንጠረዥ አትማ አጠገቤ ተቀመጠችና ከስሜ ጎን በቀይ ያከበበችውን ቁጥር አሳየችኝ። ያልወሰድኩት ሰዓት ነበር። «ማርች ሳያልቅ ውሰጂው» አለችኝ። ሰው ያጥራችኋል ብዬ ስጀምር አላስጨረሰችኝም፤ «ማን እንደሚተካሽ ማሰብ የእኔ ሥራ ነው» ብላ እስክሪብቶውን ሰጠችኝና ቀኖቹን ምረጪ አለችኝ። እዚያው ተቀምጬ መረጥኩ።

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። ብዙ የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች የሕመምና የዕረፍት ቀንን አንድ ላይ ስለሚቆጥሩ ሰው ጉንፋን ይዞት ሥራ ይገባል፤ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ዕረፍት ጉዞ ቀን ይቆጥባል። እዚህ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። በኤንኤችኤስ በመጀመሪያው ዓመት እንኳ ለታመመ ሠራተኛ የአንድ ወር ሙሉና የሁለት ወር ግማሽ ደመወዝ ይከፈላል። በፈቃድ ላይ ሳለ የታመመም የሕመሙ ቀናት በፈቃድነት እንዳይቆጠሩበት መጠየቅ ይችላል። ለወለደች እናት ሕጉ 52 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚህ ውስጥ እስከ 39ኙ ክፍያ ሊኖረው ይችላል። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የሚፈቀደው 12 ሳምንት ያለ ክፍያ መሆኑን ለምታስታውሱ፣ ልጅ ለመውለድ ለምታስቡ ባልና ሚስት ከማንኛውም የደመወዝ ንጽጽር በፊት ይህን አስቡ እላለሁ።

የሥራ ቦታው መንፈስስ?

የሚነገረው ለስለስ ያለ ነው፤ ትእዛዝ እንኳ እንደ ሐሳብ ይቀርባል። አለቃ «ምናልባት ይህንን ብታይው ጥሩ ነው» ካለ ዛሬ አድርጊው ማለቱ ነው። ባለቤቴ መሥሪያ ቤት አንድ ሰው ለራሱ ሻይ ሊያፈላ ሲነሣ በዙሪያው ያሉትን ሁሉ ትጠጣላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ የማን ሻይ ወተት እንዳለውና የማን እንደሌለው ያውቃል። ለአዲስ ሰው ከዚህ የተሻለ መተዋወቂያ የለም፤ ተራችሁ እስኪደርስ አትጠብቁ፣ ተነሥታችሁ አፍሉ።

ግብር ለሁለቱም አገር እንከፍላለን?

ለሁለቱም ታሳውቃላችሁ፤ ለሁለቱም መክፈል ግን ብዙ ጊዜ አይደርስም። የእንግሊዙ ቀላል ነው። ግብሩን አሠሪው ከደመወዝ ላይ ቀንሶ ያስገባል፤ በዓመት የመጀመሪያው 12,570 ፓውንድ ከገቢ ግብር ነፃ ነው፤ አብዛኛው ተቀጣሪም የዓመት ማስታወቂያ መሙላት አይጠበቅበትም።

የአሜሪካው የዜግነት ግዴታ ነው፤ የትም ብትኖሩ ከዓለም ዙሪያ ያገኛችሁትን ገቢ ታሳውቃላችሁ። ውጭ ለሚኖሩ ማስታወቂያውን የማስገቢያ ጊዜ እስከ ጁን 15 ይራዘማል። ለእንግሊዝ የከፈላችሁት ግብር ስለሚቀናነስላችሁ ብዙ ባለ ደመወዞች ለአሜሪካ የሚተርፍ ዕዳ የለባቸውም። ከዚህ ሌላ በዓመቱ ውስጥ በየትኛውም ቀን የውጭ አገር የባንክ ሒሳቦቻችሁ ድምር ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለብቻው ሪፖርት ይደረጋል። የጡረታውን ሒሳብ ጨምሩበት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

ጎረቤቶቻችሁ በእንግሊዝ ከግብር ነፃ በሆነው አይሳ በሚባለው የቁጠባ ሒሳብ ገንዘብ እንድታስቀምጡ ይመክሯችኋል። ለእነሱ መልካም ምክር ነው። አሜሪካ ግን ይህን ነፃነት አትቀበልም፤ በተለይ የእንግሊዝ የኢንቨስትመንት ፈንድ የገባበት ከሆነ ለአሜሪካ የሚሞላው ቅጽና ግብሩ ከትርፉ ሊበልጥ ይችላል። የሁለቱን አገሮች ሕግ የሚያውቅ የሒሳብ ባለሙያ ሳታማክሩ አትግቡበት።

ባለቤቴ ለአሜሪካው መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ሆኖ ቢሠራስ?

ተከትሎ በመጣበት ቪዛ መሥራት ይችላል፤ ጥያቄው ያለው በአሠሪው ዘንድ ነው። እንግሊዝ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ግብሩና የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮው የት እንደሚከፈል አሠሪው አስቀድሞ መወሰን አለበት። የጠዋት ሰዓቱ ነፃ ይሆናል፤ ምሽቱን ግን አሜሪካ ይወስድበታል። ለትዳር የሚመች አይመስለኝም።

ከአሜሪካ ቤተሰብ ጋር የሰዓቱ ልዩነት ስንት ነው?

ከምሥራቁ ዳርቻ ጋር አምስት ሰዓት ነው። ሜሪላንድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን እዚህ ቀትር ነው። ሁለቱ አገሮች ሰዓት የሚቀይሩበት ቀን ስለሚለያይ በማርች ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት፣ በኦክቶበር መጨረሻ ደግሞ ለአንድ ሳምንት ልዩነቱ አራት ሰዓት ይሆናል። በእነዚያ ሳምንታት የተቀጠረ ስብሰባ ሁሉ ይመርመር። ወደ አዲስ አበባ ደግሞ በእንግሊዝ በጋ ሁለት፣ በእንግሊዝ ክረምት ሦስት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ለእናቶቻችን መደወል ከአሜሪካ ይልቅ እጅግ ቀሏል።

ቅዳሜና እሑድ ሰው ምን ያደርጋል?

ይሄዳል፤ በእግሩ። እንግሊዝን የወደድነው በዚህ ነው።

በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 140,000 ማይል የሚደርስ ሕዝብ የማለፍ መብት ያለው መንገድ አለ፤ አብዛኛው የሚያልፈው በግል እርሻና በግጦሽ መሬት መሃል ነው። ባለ መሬቱ ሊዘጋው አይችልም። አሜሪካ ውስጥ አጥር የተከለከለ ማለት ነው፤ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ አይቶ የማይመለስ የለም። እዚህ አጥሩ ላይ ከእንጨት የተሠራ መወጣጫ ታገኛላችሁ፤ ቋሚው ላይ ቢጫ ቀስት ካለ የእግረኛ ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ ፈረስና ብስክሌትም ያልፉበታል። መጀመሪያ መወጣጫው ላይ ቆማችሁ ማንም አይጮህብንም ወይ እያላችሁ ወዲያ ወዲህ ታያላችሁ። ማንም አይጮህም። ገበሬው ከትራክተሩ ላይ እጁን አንሥቶ ሰላም ይላል። ገጠር ላደገ ኢትዮጵያዊ ነገሩ የአገር ቤቱን የእግር መንገድ ይመስላል፤ በሰው ማሳ ዳር ይታለፋል፣ እህል ግን አይረገጥም።

ይህ መብት ዝም ብሎ የተገኘ አይደለም። በ1932 ኤፕሪል በፒክ ዲስትሪክት የሚገኘውን ኪንደር ስካውት የተባለ ከፍተኛ ቦታ ሊረግጡ ከማንቸስተርና ከሼፊልድ አካባቢ የወጡ ወጣት ሠራተኞች ከጥበቃዎች ጋር ተጋጭተው ጥቂቶቹ ታስረዋል። ከጦርነቱ በኋላ በ1949 ስለ ብሔራዊ ፓርኮችና ስለ መተላለፊያ መብት ሕግ ወጣ፤ በ1951ም ያው ፒክ ዲስትሪክት የአገሩ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። የሳምንቱን ስድስት ቀን ፋብሪካ ውስጥ የሚውሉ ሰዎች ለእሑዳቸው የከፈሉት ዋጋ ነው፤ መወጣጫውን በተሻገርኩ ቁጥር አስባቸዋለሁ።

ለጀማሪ የምመክረው፦ ጭቃ የማያስገባ ጫማ፣ የኦርድናንስ ሰርቬይ 1፡25,000 ካርታ (መንገዶቹ በአረንጓዴ የተቆራረጠ መስመር ተሥለዋል)፣ የከፈታችሁትን በር መልሳችሁ መዝጋት። ጥጃ ያላቸው ላሞች ባሉበት ሜዳ ራቅ ብላችሁ ዙሩ፤ ይህን እንደ ነርስ ነው የምናገረው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ደግሞ በየከተማው መናፈሻ ፓርክረን የተባለው የአምስት ኪሎ ሜትር ነፃ ሩጫ አለ፤ በ2004 በለንደን ቡሺ ፓርክ የተጀመረ ነው። መራመድም ይቻላል። ኢትዮጵያዊ መሆናችሁን ሲሰሙ ሯጭ ናችሁ ብለው ይጠብቋችኋል፤ ባለቤቴ ከኋለኞቹ ጋር እየተጨዋወተ ይጨርሳል፣ ከእነሱም ጋር ተወዳጅቷል።

እሑድ አስቤዛ ለማድረግ ካሰባችሁ አስቀድሙ። ትልልቅ መደብሮች በሕግ የሚከፍቱት ለስድስት ሰዓት ብቻ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚሆን የሚጎበኝ ቦታ አለ?

ባዝ ሂዱ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ሐውስ እዚያ ነው፤ ቤቱን በ1958 ለከተማዋ ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ሰጥተውታል። ከብሪስቶል እስከ ባዝ 13 ማይል የሚሆን በድሮ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራ የብስክሌት መንገድ ስላለ፣ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ቀን ከመኪና የነፃ ጉዞ ነው። ወደ ዊንዘር ስትሄዱም በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት በ1879 በ18 ዓመቱ ያረፈው ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ እንዳለ አትርሱ።

መጠጥ የማይጠጣ ሰው ፐብ ገብቶ ምን ያደርጋል?

ይበላል፣ ይጨዋወታል። የእሑድ ምሳ ጥብስ ሥጋ ከድንችና ከአትክልት ጋር የሚበላው እዚያ ነው፤ ልጅ ይዞ መግባት በብዙዎቹ ይቻላል። አስተናጋጅ አትጠብቁ፤ ብዙ ቦታ ባንኮኒው ድረስ ሄዳችሁ ታዝዛላችሁ፣ እዚያም ጉርሻ መስጠት አይጠበቅም። ለጾመኛ እንግሊዝ እጅግ የምትመች አገር ናት፤ ከእንስሳት የተገኘ ነገር የሌለበት ምግብ ምልክት ተደርጎበት በብዙ የምግብ ዝርዝር ላይ አለ።

ታንክስጊቪንግና ገና እንዴት ይከበራሉ?

የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ እዚህ ተራ የሥራ ቀን ነው። እኛ ቅዳሜውን እናከብራለን። ሙሉ ተርኪ በብዛት የሚቀርበው ለገና ስለሆነ ሥጋ ቤት ቀድማችሁ እዘዙ፤ ከማዘዛችሁ በፊት ደግሞ የምድጃችሁን ውስጥ ለኩ፣ የእንግሊዝ ምድጃ ጠባብ ነው። ለንደን የምትሆኑ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ለአሜሪካውያን የሚደረገው የምስጋና ጸሎት አለላችሁ።

የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 በዓል አይደለም። እኔ ዲሴምበር 25 ተረኛ ለመሆን እጄን አስቀድሜ አወጣለሁ፤ ልጆች ያሏቸው ባልደረቦቼ ደስ ይላቸዋል፤ በምላሹ ጃንዋሪ 7ን ሁልጊዜ ይለቁልኛል። ዲሴምበር 25 ባቡር ስለማይሠራ ግን የምትደርሱበትን መንገድ አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ክረምቱ ይከብዳል?

ብርዱ አይከብድም፤ ጨለማው ነው። በዲሴምበር ብሪስቶል ላይ ፀሐይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ወጥታ ከቀኑ 10 ሰዓት ትጠልቃለች። በምሳ ሰዓት ውጡ። የቫይታሚን ዲ 10 ማይክሮግራም በየቀኑ መውሰድንም አስቡበት፤ የኤንኤችኤስ ምክር ለሁሉም ሰው በመጸውና በክረምት፣ ቆዳችን ጠቆር ላለ ሰዎች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ነው። በጁን ግን እስከ ምሽቱ 3:30 ብርሃን ነው፤ ከሥራ በኋላ ሌላ ቀን የተጨመረላችሁ ያህል ይሰማችኋል።

የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ያገለግላል?

ለ12 ወር። ከዚያ በኋላ መቀየር አይቻልም፤ የጽሑፉንም የመንዳቱንም ፈተና እንደ አዲስ ትወስዳላችሁ። የመንዳት ፈተና ወረፋው ረጅም ነው፤ በገባችሁ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሩት። በአውቶማቲክ መኪና የተፈተነ ማንዋል መንዳት አይፈቀድለትም።

ምጣዴን ይዤ ልምጣ?

የአሜሪካውን አታምጡ። የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ እዚህ ያለው 230 ነው፣ ይቃጠላል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው በቮልቴጁ ይስማማል፤ ሆኖም የእንግሊዝ ሶኬት የሚሸከመው 3 ኪሎዋት ያህል ሲሆን ትልልቆቹ ምጣዶች ከዚያ ይበልጣሉ። ከታች ያለውን ሰሌዳ ሳታነቡ አትሰኩ።

ከየትኛው ወር ጀምረን ብንገባ ይሻላል?

ምርጫው የእናንተ ከሆነ ኤፕሪል። የእንግሊዝ የግብር ዓመት ኤፕሪል 6 ይጀምራል፤ የብዙ የኤንኤችኤስ ሆስፒታሎች የፈቃድ ዘመንም ኤፕሪል 1 ስለሚጀምር ሙሉውን የፈቃድ ቀን ታገኛላችሁ። ብርሃኑ ረዝሟል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ፋሲካን ተከትለው የሚመጡት ሁለቱ የሜይ በዓላትም ከፊታችሁ ናቸው። ውሉን ስትፈርሙ የመጀመሪያውን ዓመት ፈቃድ ለመቼ እንደምትፈልጉት እዚያው ተናገሩ፤ ማንም አይገረምባችሁም።